ገንዘቡ በእናትየዋ እጅ ይግባ ያለችው ኤሊኖር ራትቦን

1945 ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የእንግሊዝ ፓርላማ ለልጆች ማሳደጊያ አበል የሚሰጥ ሕግ ሊያፀድቅ ተቃርቦ ነበር። ለዚህ ሕግ ከ25 ዓመት በላይ የለፋችው ኤሊኖር ራትቦን ግን ረቂቁን ስታየው ተናደደች። የገንዘቡ ባለቤት አባትየው ነው ይላላ!

ኤሊኖር የተወለደችው በ1872 ነው። አባቷ የሊቨርፑል ሀብታም ነጋዴ፣ የፓርላማ አባልም ነበር። ኦክስፎርድ ገብታ ተምራለች፤ ዲግሪ ግን አልያዘችም። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበር።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባሎቻቸው የዘመቱ ሴቶች አበላቸውን ቀጥታ ከመንግሥት ይቀበሉ ነበር። ልጅ ሲበዛ አበሉም ይጨምራል። ሊቨርፑል ላይ ይህን ሥራ ካስተባበሩት አንዷ እሷ ነበረች፤ ገንዘብ በእናት እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን በዓይኗ አየች። በ1924 ባሳተመችው መጽሐፍ ጥያቄውን በግልጽ አነሳችው። ላጤውም አምስት ልጅ ያለውም ለአንድ ዓይነት ሥራ እኩል ደሞዝ ያገኛሉ፤ ታዲያ ልጆቹን ማን ያብላቸው? ሐሳቡ ሁሉንም አላስደሰተም። አንዳንድ የሠራተኛ ማኅበራት ሳይቀሩ፣ አሠሪዎች በዚህ አሳበው ደሞዝ ይቀንሱብናል ብለው ፈሩ።

በ1929 ፓርላማ ገባች፣ ያውም ያለ ፓርቲ። 615 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ሴቶቹ 14 ብቻ ነበሩ። ከኋላዋ የሚደግፋት ፓርቲ ስለሌለ መሣሪያዋ ጥያቄ ነበር፤ አንዱን ሲመልሱላት ሌላ ታነሳለች። ሚኒስትሮች ከሩቅ ሲያዩዋት ይሸሸጉ ነበር ይባላል።

እኛንም የሚነካ ነገር አለ። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር፣ መንግሥቷ በጣሊያን ላይ እንዲጠነክር ከወተወቱት የምክር ቤት አባላት አንዷ ነበረች። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሰፊ የኢትዮጵያ መሬት ለጣሊያን ለመስጠት በድብቅ ሲስማሙም ተቃውማለች። በኋላ ደግሞ ከናዚ የሚሸሹ ሰዎች እንግሊዝ እንዲገቡ ስትሟገት፣ የአንዳንዶቹን ጉዳይ በስም እየጠራች ታስጨንቅ ነበር።

ወደ 1945 እንመለስ። ገንዘቡ ለአባት ከሆነ ዕድሜ ልኳን የታገለችለትን ሕግ ራሷ ተቃውማ ድምፅ እንደምትሰጥ ተናገረች። ማስፈራሪያ ይመስላል፣ ግን የምታደርገው ሰው ነበረች። መንግሥት ውሳኔውን ለአባላቱ ነፃ ድምፅ ተወው። ‹‹ለአባት›› የሚለው ተሰረዘና ‹‹ለእናት›› ተባለ። ሕጉ በሰኔ ወር ፀደቀ፤ ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ ለእያንዳንዱ በሳምንት 5 ሺሊንግ። የመጀመሪያውን ልጅ አለመጨመሩ ግን ቅር የሚያሰኝ ነው።

ኤሊኖር ጥር 2 ቀን 1946 በ73 ዓመቷ አረፈች። እናቶች የመጀመሪያውን አበል ፖስታ ቤት ሄደው የተቀበሉት በዚያው ዓመት ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ ቀን ነው።