ደካማውን መርጦ ያሸነፈው መሐንዲስ፦ የጌም ቦዩ ጉንፔ ዮኮይ

ስልክ ልንገዛ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይታወቃል። ራሙ ስንት ነው? ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው? ፕሮሰሰሩስ? ቁጥሩ ከፍ ያለው ዕቃ ያው የተሻለው ነው ብለን እንወስዳለን። ዛሬ ታሪኩን የምናካፍላችሁ ሰው ግን ቁጥሩን ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ፣ ከእሱ ዕቃ በብዙ የሚያምሩ ተፎካካሪዎችን በገበያ የዘረረ ነው።

ስሙ ጉንፔ ዮኮይ ይባላል። በኒንቴንዶ ኩባንያ ጌም ቦይን ያወጣውን ቡድን የመራው እሱ ነው። ጌም ቦይ ቀለም የለውም። በጨለማ አይታይም። ፕሮሰሰሩም በወጣበት ጊዜ እንኳን ያረጀ የ1970ዎቹ ትውልድ ነበር። ግን ከባለ ቀለሙ ታናሽ ወንድሙ ጋር ተደምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እንዴት? እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ካርታ ፋብሪካ ውስጥ የተገኘው ልጅ

ዮኮይ በሴፕቴምበር 1941 በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ ተወለደ። በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ በ1965 ኒንቴንዶ ገባ። ያኔ ኒንቴንዶ ዛሬ የምናውቀው የጌም ኩባንያ አይደለም። ከ1889 ጀምሮ የመጫወቻ ካርታ እያተመ የሚሸጥ የአገር ቤት ድርጅት ነው። የዮኮይ ሥራም የካርታ ማምረቻ ማሽኖቹን መጠገንና መከታተል ነበር።

ማሽኖቹ ቶሎ ቶሎ አይበላሹም፤ ስለዚህ ልጁ ሥራ ይፈታል። ጊዜ ለማሳለፍ ብሎ እንደ መቀስ እየተጣጠፈ የሚረዝም፣ ጫፉ ዕቃ የሚይዝ ሰው ሠራሽ እጅ ሠራ። በ1966 የኩባንያው ፕሬዝዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ፋብሪካውን ሲዞሩ ይህን አዩ። በሥራ ሰዓት መጫወቻ ሲሠራ የተያዘ ሠራተኛ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያቅትም። ያማውቺ ግን አልቆጡም፤ ይህንኑ ለገበያ አዘጋጅልኝ ብለው አዘዙት። አልትራ ሃንድ ተብሎ ወጣ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። የማሽን ጠጋኙ ከዚያ በኋላ መጫወቻ ፈጣሪ ሆነ።

በ1969 የሠራው ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። የፍቅር መለኪያ ነው። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በሌላው እጃቸው የብረት ኳስ ይጨብጣሉ፣ ቆጣሪው ፍቅራቸው ስንት እንደደረሰ ያሳያል። ውስጡ ሲከፈት በሰው አካል የሚያልፈውን ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚለካ ተራ ቆጣሪ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ግን ሰዎች የገዙት ቆጣሪውን አልነበረም፤ የወደዷትን ልጅ እጅ ለመያዝ የሚሆን ሰበብ ነበር የገዙት።

የዮኮይ የሥራ ፍልስፍና እዚህ ጋ ይጀምራል። ቴክኖሎጂ አዲስ ሲሆን ውድ ነው፣ ይበላሻል፣ ጸባዩም ገና አይታወቅም። ሲያረጅ ግን ይረክሳል፣ በየቦታው ይገኛል፣ ድክመቱም ተለይቶ ይታወቃል። እንግዲህ ያረጀውን ውሰድና ማንም ባላሰበው ቦታ ተጠቀምበት ነው ነገሩ። እሱ ራሱ የደረቀ ቴክኖሎጂን ወደ ጎን ማሰብ ብሎ ይጠራው ነበር።

▪️ ባቡር ውስጥ ያየው ካልኩሌተር

በ1970ዎቹ መጨረሻ ዮኮይ በፈጣኑ ባቡር ሲጓዝ፣ የደከመው አንድ ሠራተኛ ካልኩሌተር ይዞ ቁልፎቹን ዝም ብሎ ሲነካካ አየ። ሰውዬው የሚያሰላው ነገር የለም፤ ጊዜ እየገደለ ነው። ዛሬ እኛ ታክሲ ውስጥ ቲክቶክ ወደ ላይ እንደምንገፋው ማለት ነው። ዮኮይም ለዚህ ሰው ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ሌላ ሰው ሳያይበት የሚጫወትባት ጌም ብትኖርስ ብሎ አሰበ።

ሐሳቡን ለአለቃው የነገረው በአጋጣሚ ነው። የያማውቺ ሾፌር ታሞ ስለቀረ ዮኮይ መኪናውን እንዲነዳ ተጠየቀ፤ መንገድ ላይ ጨዋታ ለማምጣት ያህል ሐሳቡን ጣል አደረገ። ያማውቺ ብዙም የሰሙት አይመስሉም ነበር። ግን በዚያው ቀን ስብሰባ ላይ የተቀመጡት ከሻርፕ ኩባንያ አለቃ አጠገብ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ የሻርፕ ሰዎች ኒንቴንዶ ድረስ መጡ።

ጊዜውም ምቹ ነበር። ሻርፕና ካሲዮ በካልኩሌተር ዋጋ ሲፎካከሩ የቆዩ በመሆናቸው ስክሪኑም ቺፑም እጅግ ረክሷል። ጌም ኤንድ ዎች በኤፕሪል 1980 ገበያ ገባ። ስክሪኑ እንደ ካልኩሌተር ነው፤ ገጸ ባሕሪው ሊቆምበት የሚችለው ቦታ በሙሉ አስቀድሞ መስታወቱ ላይ ተስሏል፣ ፕሮግራሙ የሚሠራው አንዱን ማብራትና ሌላውን ማጥፋት ብቻ ነው። ምስል የሚያቀናብር ኃይለኛ ቺፕ አያስፈልገውም። በየዓመቱ በወጡት ልዩ ልዩ ሞዴሎች ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

በ1982 የዶንኪ ኮንግ ሞዴል ላይ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ዕቃው ተዘግቶ ኪስ ስለሚገባ ወደ ላይ የቆመ ማንሻ አይሆንለትም። ዮኮይ ጠፍጣፋ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ አስገባበት። ዛሬ ፕሌይስቴሽን ይሁን ኤክስቦክስ፣ ጆይስቲካችሁ ላይ በግራ በኩል ያለው ባለ አራት አቅጣጫ ቁልፍ ዘሩ ከዚያ ነው። ኪስ ውስጥ አልገባ ያለ ማንሻ የወለደው መፍትሔ ነው።

▪️ አራት ባትሪ ድንጋይ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ጌም ቦይ በኤፕሪል 21 ቀን 1989 በጃፓን ወጣ። ዮኮይ በመጀመሪያ ያሰበው ከጌም ኤንድ ዎች ብዙም የማይርቅ፣ በጣም ርካሽ ዕቃ ነበር። ምክትሉ ሳቶሩ ኦካዳ ግን ካሴት እየተቀያየረ ለዓመታት የሚያገለግል ጠንከር ያለ ነገር ይሁን ብሎ ተከራከረ። የወጣው ዕቃ የሁለቱ ክርክር ውጤት ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ፕሮጀክቱ ሊሰረዝ ደርሶ ነበር፤ ያማውቺ የመጀመሪያውን ስክሪን ሲያዩት ከፊት ለፊት በደንብ አይታይም። ቡድኑ በሌላ ዓይነት ስክሪን ቀይሮ አተረፈው።

ቁጥሮቹን እንያቸው። ፕሮሰሰሩ 4.19 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 8 ኪሎባይት፣ ለምስል የተለየ ሌላ 8 ኪሎባይት። ስክሪኑ 160 በ144 ነጥብ፣ ከአራት ድምቀት በላይ አያሳይም። የመጀመሪያው ቴትሪስ ጌም ጠቅላላ 32 ኪሎባይት ነው። ስልካችሁ ላይ ባለች አንዲት የ3 ሜጋባይት ፎቶ ቦታ 96 ቴትሪስ ይገባል ማለት ነው።

ፕሮግራም ለሚጽፍለት ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ ገደማ ይታደሳል፤ በእያንዳንዱ እድሳት መካከል ፕሮሰሰሩ 17 ሺህ 500 ያህል እርምጃ ብቻ መሥራት ይችላል። የማባዛት ትእዛዝ የለውም። ማባዛት ከፈለጋችሁ ደጋግማችሁ ትደምራላችሁ፣ ወይም መልሱን ቀድማችሁ አስልታችሁ በሠንጠረዥ ካሴቱ ላይ ታስቀምጣላችሁ። መደመሩ ጊዜ ይበላል፤ ሠንጠረዡ ቦታ ይበላል። አንዱን ስታተርፉ ሌላውን ትከፍላላችሁ፣ በነጻ የሚገኝ ነገር የለም።

ምስሉም እንደዚሁ ነው። ስክሪኑ 8 በ8 ነጥብ በሆኑ 360 ትንንሽ ሳጥኖች ይከፈላል፤ አንድ ጊዜ የተሳለ ጡብ ወይም ደመና እየተደጋገመ ይቀመጣል። የሚንቀሳቀሱት ነገሮች በአጠቃላይ ከ40 አይበልጡም፣ በአንድ መስመር ላይ ደግሞ ከ10 በላይ አይታዩም። 11ኛው ጠላት ከመጣ ይሰወራል። ስለዚህ ፕሮግራመሮች ተራ በተራ ያሳዩአቸው ነበር፤ ብልጭ ድርግም የሚለው ከዚያ ነው።

ይህን ሁሉ መከራ ለምን? ለባትሪ። ጌም ቦይ በአራት ባትሪ ድንጋይ፣ ሪሞት ውስጥ በምናስገባው ዓይነት፣ 15 ሰዓት ገደማ ይሠራል። የዚያን ዘመን ባለ ቀለም ስክሪን ከኋላው መብራት ካልበራለት አይታይም፤ መብራቱ ደግሞ ዋነኛው ባትሪ በላተኛ ነው። ዮኮይ ቀለሙንም መብራቱንም ተወ። ፕሮሰሰሩም ሥራ ሲያልቅበት የሚያስተኛው ትእዛዝ አለው፤ ጎበዝ ፕሮግራመር የሚቀጥለው እድሳት እስኪደርስ ያስተኛውና ባትሪ ይቆጥባል።

ተፎካካሪዎቹ ሌላ መንገድ ሄዱ። አታሪ ሊንክስ በዚያው በ1989፣ ሴጋ ጌም ጊር በ1990 ባለ ቀለም ስክሪን ይዘው መጡ። ማስታወቂያቸው ላይ ሲታዩ ከጌም ቦይ ጋር አይወዳደሩም፣ ያምራሉ። ዮኮይ ግን ተፎካካሪው ባለ ቀለም መሆኑን ሲሰማ እፎይ አለ ይባላል።

ሒሳቡን እንሥራው። ጌም ጊር በስድስት ባትሪ 4 ሰዓት ያህል ይሠራል። በቀን 2 ሰዓት የሚጫወት ልጅ በወር 60 ሰዓት ይጫወታል። በጌም ቦይ 16 ባትሪ ይበቃዋል፤ በጌም ጊር 90 ያስፈልገዋል። ባትሪውን የሚገዙት ደግሞ ወላጆች ናቸው። ዋጋውም ራሱ ይናገራል፦ አሜሪካ ውስጥ ጌም ቦይ 90 ዶላር ገደማ፣ ሊንክስ 180 ገደማ። እንደ ቤትህ እደር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትደር የሚለው የአባቶች ምክር እዚህ በሽያጭ ቁጥር ተረጋግጧል፦ ጌም ጊር በዕድሜው ሙሉ 10 ሚሊዮን አካባቢ ላይ ቀረ።

ጌሙም ለዕቃው የሚስማማ ሆነ። የጌም ቦይ ስክሪን ዘገምተኛ ነው፤ ፈጣን ነገር ሲያልፍበት ጥላ እየጎተተ ይደበዝዛል። ሩሲያዊው አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው ቴትሪስ ግን ቀለም አይፈልግም፣ ሩጫም የለበትም። አሜሪካ ውስጥ ከዕቃው ጋር አብሮ ተሸጠ፤ ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉም ያዘው። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ፊቱ ቀልጦ የተቃጠለ አንድ ጌም ቦይ አሁንም ሲበራ ይሠራ ስለነበር፣ ኒንቴንዶ ኒውዮርክ ባለው ሱቁ ለብዙ ዓመታት ለእይታ አስቀምጦት ነበር።

▪️ ያልሠራለት ጊዜ

ዮኮይ ሁሌም አላሸነፈም። በ1995 ቨርቹዋል ቦይ ወጣ፤ ዓይን ላይ ተደቅኖ ምስሉን በጥልቀት የሚያሳይ ዕቃ ነው። እዚህም ያንኑ ስሌት ተጠቀመ። ቀይ የኤልኢዲ መብራት ርካሽ ነው፣ ባትሪም አይበላም፤ ስለዚህ ጌሙ በሙሉ ቀይና ጥቁር ሆነ።

ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የጌም ቦይ ድክመት ለተጫዋቹ ትርፍ ይዞ መጣ፦ ረጅም ባትሪ፣ ርካሽ ዋጋ፣ ኪስ የሚገባ መጠን። የቨርቹዋል ቦይ ድክመት ግን ለተጫዋቹ ያስገኘው ብዙም አልነበረም። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይቆማል እንጂ ተይዞ አይዞርም፤ ተጫዋቾች ራስ ምታትና የዓይን ድካም ያማርሩ ነበር። 770 ሺህ ያህል ብቻ ተሸጦ በዓመቱ ተቋረጠ። መቆጠብ ብቻውን ብልሃት አይደለም፤ የተቆጠበው ለማን ጥቅም ዋለ የሚለው ነው ወሳኙ።

በኦገስት 1996፣ ከ31 ዓመት በኋላ፣ ዮኮይ ኒንቴንዶን ለቀቀ። ብዙ ሰው በውድቀቱ ተባረረ ብሎ ያወራል፤ እሱ ግን የራሱን ሥራ የመጀመር ሐሳብ ከድሮም እንደነበረው አስረድቷል። ሊወጣ ሲል እንኳን ቀጭኑ ጌም ቦይ ፖኬት ለገበያ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ፖኬሞን ጃፓን ውስጥ ወጥቶ፣ አርጅቷል የተባለውን ጌም ቦይ እንደገና ነፍስ ዘራበት።

ዮኮይ ኪዮቶ ውስጥ ኮቶ የሚባል አነስተኛ ድርጅት ከፈተ። ለባንዳይ ኩባንያ አዲስ የእጅ ጌም መንደፍም ጀመረ። ግን አላየውም። በኦክቶበር 4 ቀን 1997 በኢሺካዋ ግዛት አውራ ጎዳና ላይ የተሳፈረበት መኪና ቀላል ግጭት ደረሰበት። ጉዳቱን ለማየት ሲወርድ ሌላ መኪና ገጨው። 56 ዓመቱ ነበር።

የጀመረው ዕቃ ዋንደርስዋን ተብሎ በማርች 1999 ወጣ። ቀለም የለውም፣ ዋጋው 4,800 የን ብቻ ነው፣ በአንዲት ባትሪ ድንጋይ 30 ሰዓት ገደማ ይሠራል። አብሮት የወጣው የእንቆቅልሽ ጌም በስሙ ጉንፔይ ተባለ። በ2003 ደግሞ ዓለም አቀፉ የጌም አልሚዎች ማኅበር የሕይወት ዘመን ሽልማቱን ለእሱ መታሰቢያ ሰጠ።

አፕና ጌም የምትሠሩ ልጆች ይህን ገጽ እንደምትከታተሉ እናውቃለን። የምትሠሩት ነገር እናንተ ላፕቶፕ ላይ በደንብ መሄዱ አይበቃም፤ ስቶሬጁ በሞላ፣ ባትሪው 12 ፐርሰንት በቀረው የሰው ስልክ ላይም መሥራት አለበት። ዮኮይ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ለዚያ ሰው ነው።

እናንተስ? የሚያምር ስክሪንና ሙሉ ቀን የሚቆይ ባትሪ አንዱን ብቻ ምረጡ ብትባሉ የቱን ትወስዳላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።