ንግግር ዜማ የሆነበት ዘመን፤ የቦብ ማርሌ ሕይወትና «ጦርነት» የተባለው ዘፈኑ

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በቦዲቲ፣ በሾኔና በሐላባ በኩል አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን መንገድ ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ አዲስ የተመደበው ወጣት ሠራተኛም ያውቀዋል። ሻሸመኔ ሲደርስ ደግሞ ጃማይካ ሰፈር ተብሎ የሚጠራ መንደር መኖሩን የማይሰማ የለም። ጠጉሩን እንደ ባሕታዊ ያስረዘመው የጃማይካዊው ዘፋኝ የቦብ ማርሌ ሥዕል በዚያ መንደር ብቻ ሳይሆን በየከተማው በመኪና መስተዋትና በወጣቶች ልብስ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ሥዕሉን የሚያውቀው ሰው ብዙ ሲሆን፣ ከዘፈኖቹ አንዱ በአማርኛ ከተነገረ ንግግር የተወለደ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው የእሑድ ገጻችን የዚህን ሰው ሕይወትና የዚያን ዘፈን ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደናል።

ሮበርት ኔስታ ማርሌ ጥር 29 ቀን 1937 ዓ.ም. በጃማይካ ደሴት፣ ሴንት አን በሚባለው ወረዳ፣ ናይን ማይል በተባለች ተራራማ የገጠር መንደር ተወለደ። እናቱ ሲዴላ ጥቁር ጃማይካዊት ስትሆን አባቱ ኖርቫል ማርሌ ነጭ ነበረ። አባትየው ከልጁ ጋር አብሮ ስላልኖረ ሕፃኑ ያደገው በእናቱና በእናቱ ዘመዶች እጅ ነው። በነጮቹ ዘንድ ጥቁር፣ በጥቁሮቹ ዘንድ ነጭ እየተባለ ማደጉ ገና በልጅነቱ ስለ ቆዳ ቀለም እንዲያስብ አስገድዶታል። ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን ከእናቱ ጋር ወደ ዋናው ከተማ ወደ ኪንግስተን ሄዶ ትሬንች ታውን በሚባለው የድሆች ሰፈር ተቀመጠ። ትምህርቱንም ትቶ የብረት ብየዳ ሥራ ጀመረ፤ ነገር ግን ልቡ ከዜማው ላይ ነበረና ከጓደኞቹ ከፒተር ቶሽና ከበኒ ዌይለር ጋር ሆኖ በ1955 ዓ.ም. ገደማ ዌይለርስ የተባለውን የዘፈን ጓድ መሠረተ።

ታሪኩ ከአገራችን ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የጥቁሮችን መብት በመስበክ ዝናው የወጣው ማርከስ ጋርቬይም የተወለደው በዚያው በሴንት አን ወረዳ ነው። ከእርሱ ትምህርት በኋላ ብዙ የጃማይካ ድሆች ዓይናቸውን ወደ አፍሪካ አዙረው ነበረ። ራስ ተፈሪ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ በጫኑ ጊዜ፣ እነዚህ ድሆች በመጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡት ስለ ኢትዮጵያ የተነገረ ቃል ሁሉ የተፈጸመ መሰላቸው። ራስታፋሪ የተባለው እምነት ከዚህ ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱን እንደ አምላክ መቁጠራቸውን የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ባትቀበለውም፣ የእነርሱን ናፍቆት ለመረዳት የባርነትን ታሪክ ማስታወስ ያሻል። አያቶቻቸው በመርከብ ተጭነው ከአፍሪካ የተወሰዱባቸው ሰዎች የራሳቸው ንጉሥ ያለበትን፣ ቅኝ ግዛት ያልሆነውን አገር ቢናፍቁ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን በደረሱ ጊዜ ሕዝቡ የአይሮፕላን ጣቢያውን አጥር አልፎ እስከ አይሮፕላኑ ድረስ ጐረፈ። ቦብ ማርሌ በዚያ ቀን አልነበረም፤ እናቱ በምትኖርበት በአሜሪካ በደላዌር ግዛት የቀን ሥራ እየሠራ ነበረ። ከሁለት ወር በፊት ያገባት ሚስቱ ሪታ ግን ከሕዝቡ መካከል ቆማ አይታለች፤ በዚያ ቀን ባየችው ነገር ልቧ ተነክቶ ወደ ራስታዎች እምነት አዘነበለች። ባሏም ከተመለሰ በኋላ ያንኑ መንገድ ተከተለ።

እንግዲህ ወደ ንግግሩ እንመለስ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ጣልያን ግፍ አቤቱታ ማሰማታቸው የታወቀ ነው። ከ27 ዓመት በኋላ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ በተመሠረተ በአምስተኛው ወር፣ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሙ። በሁለቱም ጊዜ የተናገሩት በአማርኛ ነው። በዚህ በሁለተኛው ንግግር ውስጥ አንዱ ዘር ከሌላው ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ እስካልተወገደ ድረስ፣ በአንጎላ፣ በሞዛምቢክና በደቡብ አፍሪካ ያለው የነጮች አገዛዝ እስካልወደቀ ድረስ አፍሪካ ሰላም እንደማታገኝ የሚያስረዳ ክፍል አለበት። የንግግሩ እንግሊዝኛ ትርጉም በራስታዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይነበብ ነበር።

ቦብ ማርሌና ጓደኞቹ ዘፈኑን የሠሩት ከዚሁ ክፍል ነው። በመዝገብ ላይ ደራሲዎች ተብለው የተጻፉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው የከበሮ መቺው ካርልተን ባሬት ሲሆን ሁለተኛው የታወቀው የጃማይካ እግር ኳስ ተጫዋች አለን ኮል ነው። ይህ ኮል ኋላ ወደ አገራችን መጥቶ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጠነ ሰው መሆኑን አንባቢዎቻችን ቢያስታውሱ መልካም ነው። ከንግግሩ ቃል እጅግ ጥቂቱን ብቻ ለወጡ፤ ግጥም አድርገው ቤት አላስመቱትም፤ እንዳለ በዜማ ላይ አስቀመጡት።

የቋንቋ ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። በአማርኛ ልማድ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «እስካልሆነ ድረስ» የሚለውም የሐረጉ መዝጊያ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያው ቃል የሐረጉ መክፈቻ ይሆናል። ስለዚህ ንግግሩ ሲተረጎም ያ ቃል በየመሥመሩ ራስ ላይ እየተደጋገመ መጣ፤ በዘፈኑም ውስጥ እንደ መዶሻ ምት ሆነ። ዜማው ብዙ ውጣ ውረድ የለውም፤ የካርልተን ወንድም አስተን ባሬት የሚጫወተው ወፍራም ክራር መሳይ ጊታር አንዱን ስልት እየመላለሰ ይሄዳል፤ ከበሮውም ዝግ ብሎ በሦስተኛው ምት ላይ ይወድቃል። ሰሚው ቃሉን እንዲያዳምጥ ዜማው መንገድ ለቀቀለት ለማለት ይቻላል።

ዘፈኑ «ራስታማን ቫይብሬሽን» በተባለው ሸክላ ላይ በሚያዝያ ወር 1968 ዓ.ም. ወጣ። ዘመኑ የዲስኮ ዘመን ነበረ። በአሜሪካና በአውሮፓ የጭፈራ ቤቶች በኤሌክትሪክ መብራት ተንቆጥቁጠው፣ ወጣቱ ሐሳቡን ሁሉ ጥሎ በፈጣን ምት የሚጨፍርበት ጊዜ ነበር። በዚያ ሁሉ ጭፈራ መካከል የአንድ ንጉሥ የጉባኤ ንግግር በዝግታ የሚዘፈንበት ሸክላ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ እስከ 8ኛ ደረጃ ድረስ መውጣቱ ያስገርማል። ሸክላው በወጣ ጊዜ ሞዛምቢክና አንጎላ ነጻ ከወጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ገና በቀንበር ሥር ነበረች፤ ሁለት ወር ሳይሞላም በሶዌቶ የተማሪዎች ደም ፈሰሰ።

ነገር ግን ታሪኩን አሳምረን ብቻ ብንተወው ለአንባቢዎቻችን እውነቱን ሁሉ አልነገርናቸውም። ንግግሩ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ የሚባል ነገር እንዲቀር የሚጠይቅ ነበረ። በዚያው ዘመን ግን በወላይታና በሌላው የደቡብ ክፍል ያለው ገበሬ የባለመሬት ጭሰኛ ሆኖ፣ ካመረተው እህል ድርሻ እየከፈለ ይኖር ነበር። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በጦርነት ከተያዘች፣ ንጉሧም ካዎ ጦና ከተማረኩ ወዲህ ብዙው ሰው በመሬቱ ላይ ባለቤት መሆኑ ቀርቶ ነበርና። ንግግሩ ከተደረገ ከሁለት ዓመት በታች ውስጥ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ እያሉ ወደ ፓርላማው ሰልፍ ወጡ። በዓለም መድረክ ላይ የተነገረው ቃል እውነት ነበረ፤ እውነት በመሆኑም ተናጋሪውን መንግሥት ራሱን ይጠይቀው ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ፤ በነሐሴ ወር በዚያው ዓመት ማለፋቸው ተነገረ። ዘፈኑ በዓለም ሲናኝ ባለ ቃሉ በሕይወት አልነበሩም።

ቦብ ማርሌም የዘፈነውን ቃል በደሙ የተፈተነበት ጊዜ መጣ። ኅዳር 24 ቀን 1969 ዓ.ም. ማታ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ኪንግስተን በሚገኘው ቤቱ ገብተው ተኰሱበት፤ እርሱም፣ ሚስቱም፣ ሥራ አስኪያጁም ቆሰሉ። ጃማይካ በሁለት ፓርቲዎች ጠብ የምትናጥበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ከሁለት ቀን በኋላ ቁስሉ ሳይደርቅ በሕዝብ ፊት ቆሞ ዘፈነ፤ ከዘፈናቸውም አንዱ ይኸው ከንግግሩ የተሠራው ነበር። በሚያዝያ ወር 1970 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱን ፓርቲ መሪዎች፣ ማይክል ማንሊንና ኤድዋርድ ሲያጋን፣ መድረክ ላይ ጠርቶ እጅ ለእጅ አያያዛቸው።

በ1971 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሻሸመኔንም ጐበኘ። ያ መሬት ከጣልያን ወረራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በጭንቅ ቀን ኢትዮጵያን ለረዱ የዓለም ጥቁሮች የሰጡት 5 ጋሻ ነበረ። እርሱ በመጣ ጊዜ ግን የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አብዛኛውን ወስዶት ነበር። ለወላይታ ጭሰኛ ነጻነት ያመጣ አዋጅ፣ ባሕር ተሻግሮ ለመጣው ጃማይካዊ የተስፋውን መሬት ያጠበበ አዋጅ ሆነ። ታሪክ እንዲህ አንዱን ሲክስ ሌላውን የሚያስለቅስበት ጊዜ ስላለ፣ የአገርን ጉዳይ የሚያጠና ወጣት በአንድ ዓይን ብቻ ሊያየው አይገባም። ቦብ ማርሌ ከዚህ ጉብኝት በኋላ ስለ ዚምባብዌ ነጻነት ዘፈን አወጣ፤ ሚያዝያ 10 ቀን 1972 ዓ.ም. ዚምባብዌ ነጻነቷን ስታውጅም ተጋብዞ በበዓሉ ላይ ዘፈነ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በ1969 ዓ.ም. በእግሩ አውራ ጣት ላይ የተገኘው የካንሰር በሽታ እየተስፋፋ ሄደ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ ቢመክሩትም አልተቀበለም። በ1972 ዓ.ም. ባወጣው በመጨረሻው ሸክላ የዲስኮን ፈጣን ምት ከሬጌ ጋር ያዋሐደ ዘፈን ሲጨምር፣ የጭፈራ ቤቱን ወጣት ንቆ እንዳልተወው አሳየ። መስከረም 13 ቀን 1973 ዓ.ም. በፒትስበርግ ከተማ ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። ጥቅምት 25 ቀን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በብፁዕ አቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠመቀ፤ የክርስትና ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በማያሚ በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ሥርዓተ ቀብሩ በኪንግስተን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተፈጽሞ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱና ከጊታሩ ጋር በተወለደባት መንደር ተቀበረ።

ዘፈኑ ግን አልተቀበረም። መስከረም 23 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ማለት ንግግሩ በተደረገ ልክ በ29ኛው ዓመት፣ የአየርላንዷ ዘፋኝ ሺኔድ ኦኮነር በአሜሪካ ቴሌቪዥን ያለ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ ዘፈነችው። ቃሉን በጥቂቱ ለውጣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን በደል ተቃወመችበት፤ የሮማውን ሊቀ ጳጳሳት ሥዕል በመቅደዷም ብዙ ነቀፋ ደረሰባት። በ1986 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ነጻ ወጣች፤ በንግግሩ የተጠሩት ሦስቱ አገሮች ሁሉ ከቀንበሩ ተላቀቁ ማለት ነው። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ቦብ ማርሌ የተወለደበት ስልሳኛ ዓመት በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተከበረ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ሬጌን ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በራሳችን ቋንቋ የተነገረ በሳል ቃል ባሕር ተሻግሮ የሌላውን ሕዝብ ቁስል ሊያክም እንደሚችል ነው፤ ስለዚህ ተማሪ አማርኛውንም ሆነ ወላይትኛውን አሳንሶ ማየት አይገባውም። ሁለተኛው ለወጣት ሹማምንት ነው። በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የሚዘጋጅ ንግግር ሁሉ ከተናገረው ሰው ሥልጣን በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ዙፋኑ አልፏል፤ ዘፋኙም አልፏል። ቃሉ ግን በመላው ዓለም ሲዘፈን ይኖራል፤ በቃሉ መሠረት ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም ብሎ የሚጠይቅ ትውልድም ሁልጊዜ ይነሣል። የሚናገር ሰው ይህን አስቦ ቢናገር፣ የሚሠራም ሰው በተናገረው ልክ ቢሠራ፣ ለራሱም ለአገሩም ይበጃል።