በያፎ ያረፉት ሐኪም

ከአሽቀሎን በስተሰሜን፣ ያፎ ውስጥ፣ የእንግሊዛዊው ሐኪም የዶክተር ቶማስ ሆጅኪን መቃብር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1798 ተወለዱ። ለንደን ጋይስ ሆስፒታል አስከሬን ሲመረምሩ የሊምፍ ዕጢዎችን የሚያሳብጥ በሽታ ለይተው በ1832 ጻፉ። ከወዳጃቸው ከሰር ሞሰስ ሞንቴፊዮሬ ጋር የምድሪቱን አይሁድ ሊረዱ መጥተው፣ በ1866 ያፎ ላይ ታመው አረፉ።

በስማቸው የተጠራው በሽታ የሊምፎማ ካንሰር ዓይነት ነው። በእብጠቱ ውስጥ የካንሰሩ ሴሎች ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙት በብግነት ተጠርተው የመጡ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ናቸው። ለዘብነት የመጡት ጠላትን ይመግባሉ፣ ይሸሽጋሉም። ዛሬ እነዚህን ዘቦች ወደ ሥራቸው የሚመልሱ መድኃኒቶች አሉ፤ አብዛኛው ታካሚም ይድናል። ስለዚህ አንገት ወይም ብብት ላይ ሳያም የሚከርም ንፍፊት ካለ፣ ብርድ ነው ብለን አንለፈው፤ ሐኪም ይየው።