ከፍርስራሽ ስር የወጣው መስታወት ሠሪ

ካሜራ ሲባል ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትዝ የሚለን ትከሻ ላይ የሚቀመጠው ወይም አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ዕቃ ነው። ዜና ቀርጾ የማያውቅ ሌላ ካሜራ ደግሞ አለ። በትልልቅ የመልሶ መጠቀሚያ ፋብሪካዎች ውስጥ ከሚሮጥ ቀበቶ በላይ ተሰቅሎ፣ ከስሩ የሚያልፈውን የፕላስቲክ ክምር ዓይነቱን እየለየ ይውላል። ቆራሌው በእጁ ዳብሶና በዓይኑ አይቶ የሚለየውን ይኼ ካሜራ በብርሃን ይለያል። የካሜራውን የሆድ ዕቃ ከሞላ ጎደል ከ200 ዓመት በፊት የሠራው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሰውየው ፕላስቲክ የሚባል ነገር ሳያይ ነው የሞተው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራውንሆፈር በ1787 ባቫሪያ ውስጥ ስትራውቢንግ በምትባል ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ አሥራ አንደኛ ልጅ ሲሆን አባቱም የመስታወት ሠራተኛ ነበር። እናቱና አባቱ ተከታትለው ሲሞቱበት ገና የ11 ዓመት ልጅ ነው። አሳዳጊዎቹ ሙኒክ ወስደው ለአንድ የመስታወት ባለሙያ በተለማማጅነት ሰጡት። ደመወዝ የለም። ማንበብም ቢሆን አሠሪው የሚወደው ነገር አልነበረም፤ ለተለማማጆች የተከፈተው የእሁድ ትምህርት ቤት እንኳ እንዳይሄድ ከልክሎታል።

ሐምሌ 21 ቀን 1801 ልጁ የሚኖርበት ቤት ከነወርክሾፑ ተደረመሰ። የአሠሪው ሚስት ሞቱ። የ14 ዓመቱ ዮሴፍ ግን ለሰዓታት ከተቆፈረ በኋላ ከፍርስራሹ ስር በሕይወት ወጣ። የባቫሪያው ገዥ ማክሲሚሊያን ራሳቸው ቦታው ድረስ መጥተው ስለነበር ለልጁ የወርቅ ሳንቲም ሰጡት። ዩትሽናይደር የተባለ ባለሀብትም መጻሕፍት አመጣለት። ልጁ በገንዘቡ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የመስታወት መሞረጃ መሣሪያ ገዛበት፤ ከቀረው ላይ ደግሞ ለአሠሪው ከፍሎ ከተለማማጅነት ውሉ ወጣ። እንግዲህ በዚያ ዕድሜ ከአደጋ የተረፈ ልጅ ብር ሲያገኝ መጀመሪያ ነፃነቱን መግዛቱ፣ ለኔ ከሳይንሱ ያላነሰ የሚገርመኝ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩትሽናይደር ራሱ በሽርክና በያዘው የመሣሪያ ፋብሪካ ቀጠረው። የመስታወት ማቅለጫው ያለው ቤኔዲክትቦየርን በተባለ፣ መነኮሳቱ በለቀቁት ገዳም ውስጥ ነበር። እዚያ ጊናን ከሚባል የስዊስ መስታወት አቅላጭ ጋር እየሠራ ሙያውን ተማረ። የዘመኑ ችግር ግልጽ ነበር፤ ጥሩ ሌንስ ለመሥራት መስታወቱ እያንዳንዱን ቀለም ምን ያህል እንደሚሰብር በትክክል መለካት አለበት። ብርሃን በፕሪዝም ሲበተን ግን ቀለማቱ ድንበር የላቸውም። ቀዩ የት አልቆ ብርቱካንማው የት እንደሚጀምር ማን ያውቃል? ስለዚህ ልኬቱ ከሰው ሰው ይለያያል።

ፍራውንሆፈር ይፈልግ የነበረው ምልክት ነው፤ የማይንቀሳቀስ ምልክት። በ1814 የፀሐይ ብርሃንን በጠባብ ስንጥቅ አሳልፎ፣ ከስንጥቁ ራቅ ብሎ ፕሪዝም አስቀመጠ፤ ከፕሪዝሙ የሚወጣውንም በቴሌስኮፕ ተመለከተው። በቀለማቱ መሐል ጥቋቁር መስመሮች ተደርድረው አየ። ከሱ በፊት እንግሊዛዊው ዎላስተን በ1802 ጥቂቶቹን አይቶ ነበር፤ ግን አልገፋበትም። ፍራውንሆፈር ግን ቁጭ ብሎ ቆጠራቸው፤ 574 ደረሱ። ዋና ዋናዎቹን በፊደል ሰየማቸው። ወደ ቬኑስ ዞሮ ሲያይ ያንኑ የፀሐይ መስመር አገኘ፤ ሲሪየስ የተባለው ኮከብ መስመሮች ግን የተለዩ ሆኑበት።

መስመሮቹ ምን እንደሆኑ አላወቀም። ለሱ የገበያ ዕቃውን የሚለካበት ማስመሪያ ነበሩ፣ በቃ። ምስጢሩ የተፈታው በ1859 ሃይድልበርግ ውስጥ በኪርሆፍና በቡንሰን ነው፦ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ድርሻ ብርሃን ይውጣል፤ ጥቁሩ መስመር የተዋጠው ብርሃን ቦታ ነው። ማለትም አንድ ነገር ምን እንደሆነ ከሚጎድለው ብርሃን ማወቅ ይቻላል።

የፋብሪካው ካሜራ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ፍራውንሆፈር በ1821 ገደማ ከፕሪዝም ሌላ ብርሃን መበተኛ ሠርቷል፦ ግሬቲንግ ይባላል። መጀመሪያ ቀጫጭን ሽቦዎችን እጅግ አቀራርቦ ወጠረ፤ በኋላ በአልማዝ መስታወት ላይ መስመር ጫረ። በዚህም የብርሃንን የሞገድ ርዝመት ለካ። አሁን ካሜራውን ከፍተን እንየው። ፊት ለፊት ጠባብ ስንጥቅ አለ፤ የቀበቶውን አንዲት ቀጭን አግዳሚ መስመር ብቻ ያሳልፋል። ቀጥሎ ግሬቲንግ ወይም ፕሪዝም አለ፤ ብርሃኑን ይበትናል። መጨረሻ ላይ በሱ ዓይን ፈንታ ሴንሰር ተቀምጧል። ቀበቶው በሮጠ ቁጥር መስመር በመስመር እየተደረበ ምስል ይሆናል። የኛ ካሜራ ለአንድ ነጥብ ሦስት ቀለም ሲመዘግብ፣ ይኼኛው በመቶ የሚቆጠሩ ሊመዘግብ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ዓይናችን በማያየው ኢንፍራሬድ፣ ከ900 እስከ 1700 ናኖሜትር ባለው ክልል። በፕላስቲኩ ውስጥ ካርቦንና ሃይድሮጅን የተያያዙበት መንገድ የተወሰነውን ብርሃን ይውጣል። የሚታየው እንደ ፀሐይዋ ቀጭን መስመር ሳይሆን ሰፋ ያለ ጉድጓድ ነው፤ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፒኢቲ አንድ ቦታ፣ ፒቪሲ ሌላ ቦታ ይጎድላል። ኮምፒውተሩ ወዲያው ይወስናል፤ ቀበቶው ጫፍ ላይ ያለው የታመቀ አየር እፍ ብሎ ዕቃውን ወደ ክፍሉ ያስፈነጥረዋል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ፒኢቲ በሚቀልጥበት ሙቀት ፒቪሲ ተቃጥሎ አሲድ ስለሚያወጣ፣ ትንሽ ፒቪሲ ብዙ ፒኢቲ ያበላሻል።

ወደ ሰውየው ልመለስ። የባቫሪያ የሳይንስ አካዳሚ ሥራውን በ1817 አሳተመለት፤ ሙሉ አባል ይሁን ሲባል ግን ዩኒቨርሲቲ ያልገባ የእጅ ባለሙያ ነው ብለው የተቃወሙ ነበሩ። እሱም በበኩሉ መስመሮቹን ለዓለም ሲያሳይ የመስታወቱን አቀላለጥ ለማንም አልገለጠም። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይወቅሰዋል፤ እኔ ግን እንጀራው እንደነበር አልረሳም። በዚያ መስታወት የተሠራው 24 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ በ1824 ዶርፓት ለሚገኘው የከዋክብት መመልከቻ ደርሷል። በዚያው ዓመት የክብር ማዕረግ ተሰጠው። ሰኔ 7 ቀን 1826 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት 39 ዓመቱ ነበር።

በ1949 ሙኒክ ውስጥ የተመሠረተ ትልቅ የምርምር ማኅበር በስሙ ተጠርቷል፤ ካርልስሩኸ ያለው ተቋሙም ዕቃን በብርሃን ስለሚለዩ ማሽኖች ይመራመራል። አስቸጋሪ ሆኖ የቆየው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ለማጥቆር የሚጨመርበት ጥላሸት መሰል ካርቦን ኢንፍራሬዱን በሙሉ ውጦ ስለሚያስቀር፣ ወደ ስንጥቁ የሚመለስ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ሲጎድል ደግሞ የትኛው እንደጎደለ አይታወቅም። ለዚህ ሲባል ከዚያ በጣም በረዘመ ሞገድ የሚያዩ ሴንሰሮች ተሠርተዋል፤ ዋጋቸው ግን ከተለመዱት ይወደዳል።