አስታማሚዋ እቴጌ

ከማኅበራችን እህቶች ሁለቱ ነርሶች ናቸው፤ የሚሠሩትም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ባለፈው ስብሰባችን ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንዷ የሥራዋን ነገር አነሣች። ሐኪሙ ከእንግዲህ ተስፋ የለውም ብሎ ከወጣ በኋላ ሥራው የሚያልቅ ይመስላል፤ ለእሷ ግን ያን ጊዜ ይብሳል። የበሽተኛውን ከንፈር ታረጥባለች፣ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን ትለውጣለች፣ አክታውን ትጠርጋለች፣ መስማት ይችል እንደሆነ ባታውቅም በስሙ ትጠራዋለች። ከዚያ ወጥታ ምን ስትሠሪ ዋልሽ ስትባል የምትመልሰው ይጠፋታል። ማስታመም ብቻ ነው ይሏታል።

ይቺ «ብቻ» የምትል ቃል ስለ እቴጌ ጣይቱ እንድንነጋገር አደረገችን። የዓድዋውን ታሪካቸውን ሕፃንም ያውቀዋል። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ግን አብዛኞቻችን አናውቃቸውም ነበርና ለዚህ እትም ጠያይቀንና አንብበን ጻፍነው።

ጣይቱ ብጡል የበጌምድርና የስሜን መኳንንት ልጅ ናቸው፤ ደብረ ታቦርም የኔ ናቸው ትላለች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ብርቅ ሆኖ ሳለ እሳቸው ግዕዝ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ነበሩ። ያገቡት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ፤ ባልየው ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እሳቸውም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። አዲስ አበባን የቆረቆሩ፣ ስሟንም ያወጡ እሳቸው ናቸው፤ መነሻው ደግሞ ፍልውሃው ነበር፣ ለሕመም ይበጃል ተብሎ የሚታጠቡበት።

ዓድዋ ላይ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል። እኛ ግን ቆም ያልነው ሌላው ሥራቸው ላይ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውጊያው ሲፋፋም በሰፈሩ የነበሩትን ሴቶች አሰባስበው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ እንዲያደርሱ አደረጉ። ከዚያ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ቁስለኞችን አክመዋል፤ ውጊያው ሜዳ ላይ ግን ለወደቀው ሰው የደረሰለት እንስራ ያዘለች ሴት ናት። ነርሷ እህታችን ይህን ስትሰማ፣ ደም የፈሰሰው ሰው ከሁሉ በፊት የሚለምነው ውሃ መሆኑን ነገረችን።

የምኒልክ ሕመም የጀመረው ከዓድዋ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ዛሬ ስትሮክ የምንለው ነው፤ አንዴ መትቶ ይተዋል፣ ተመልሶ ይመታል። የውጭ አገር ሐኪሞች መጡ፣ ጸበልም ተሞከረ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመጣው ግን የማያነሣ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ አካላቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ።

በዚህ ጊዜ እቴጌይቱ መንግሥቱንም በሽተኛውንም አንድ ላይ ያዙ። ይሾማሉ፣ ይሽራሉ። እውነቱን ለመናገር ሹመቱ ወደ ራሳቸው ወገን ያደላ ነበርና የሸዋ መኳንንት መቆጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአገራችን ልጅ ናቸው ብለን ይህን መደበቅ አይገባንም። ወሬውም አላረፈም። ንጉሡ መርዝ ተሰጥቷቸዋል ተባለ፤ ሊያክም የመጣ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ሳይቀር ጥርጣሬውን አንሥቶ ነበር። በሽተኛ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሐሜት አያጣውም። በሽተኛው ሲሞት ኦክስጅኑን ነቀለችው የተባለች ነርስ በመካከላችን አለች፤ ያን ቀን ከቤተሰቡ ጋር ስታለቅስ ነበር ያመሸችው።

መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አወጧቸው። በአልጋ ወራሹ በልጅ ኢያሱ ስም አገር የሚያስተዳድሩት እንደራሴው ራስ ተሰማ ናዶ ሆኑ። ለጣይቱ የተተወላቸው ባላቸውን ማስታመም ነው። ይህ የተሰጣቸው እንደ ቅጣት ነበር፤ ጦር የመራችና ከተማ የቆረቆረች ሴት ከእንግዲህ ሥራሽ መኝታ ቤት ነው ተባለች ማለት ነው። በስብሰባችን ላይ ብዙ ያከራከረን ይህ ነው። አንዳንዶቻችን ውርደት ነው አልን። ነርሶቹ ግን አልተስማሙም፤ የሰጪው ሐሳብ ምንም ይሁን ምን ሥራው ያው ሥራ ነው አሉ። ሁለቱም ወገን እንደያዘው ቀረ።

ያስታመሙት ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው። ቤተ መንግሥት ነውና አገልጋይ ሞልቷል፤ የሚያነሣ፣ የሚያጥብ፣ የሚያነጥፍ አይጠፋም። ነገር ግን ይህን በሽታ ቤቱ ያየ ያውቀዋል። ሰውነቱ የማይንቀሳቀስ ሰው ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፤ ጉሮሮው ስለሚሰንፍ ጥቂት ሾርባ እንኳ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ መናገር ያቃተው ሰው የሚፈልገውን ከዓይኑ ማንበብ ያስፈልጋል። ዓይን ማንበብ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ሥራ ነው። ዛሬ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመሣሪያ የምናየውን የትንፋሽና የልብ ምት ለውጥ ያን ጊዜ የሚጠብቀው የአስታማሚ ጆሮ ብቻ ነበር።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው እንዲደበቅ ተደረገ፤ አልተነገረም፣ አዋጅ አልወጣም፣ ድንኳን አልተተከለም። ለቅሶ በኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ጎረቤት ሳይመጣ፣ እድርተኛ ሳይቀመጥ፣ ስሙ ተጠርቶ ሳይለቀስ የቀረ ሐዘን ሰው ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። እቴጌይቱ ይህን ሐዘን ይዘው ከቤተ መንግሥት እንዲወጡ ተደረገ፤ ወደ እንጦጦም ሄዱ።

እንጦጦ ላይ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አራት ዓመት ኖሩ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረደ፤ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት ኅዳር ካለፈ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት ኅዳር ወር ላይ፣ ጣይቱ አንድ ነገር ለመኑ፤ ወደ ጎንደር ሄደው የቀረ ዕድሜያቸውን እዚያ እንዲጨርሱ።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይህ ልመና በየጊዜው ይሰማል። ከጉና ሥር የመጡ አንዲት እናት ጭንብሉን ከፊታቸው ገፋ አድርገው ቤቴ መልሱኝ ሲሉ ነርሷ እህታችን ሰምታለች። ልጆቻቸው እሺም እንቢም ማለት አቅቷቸው ሲማከሩ ሌሊቱ አለፈ፤ እናት ሳይነጋ እዚያው አረፉ። እሷም እስከ ዛሬ ስታነሣው ድምፅዋ ይቀየራል።

ለእቴጌ ጣይቱ ግን መልሱ ቶሎ መጣ፤ አልተፈቀደም። በጌምድርን የሚገዙት የወንድማቸው ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩና የተፈራው ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ሦስት ወር ቆይተው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑ ልክ በዓመቱ፣ እንጦጦ ላይ አረፉ። ዛሬ ዐፅማቸው ያለው አዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም ነው፤ ባላቸው ምኒልክ አጠገባቸው ናቸው፣ ንግሥት ዘውዲቱም እዚያው።