ጨጓራ የመሰለው የጄኔራሉ ሕመም

በላስታ ደጋ ሕሙማንን ስመረምር ደጋግሜ ከምሰማቸው ቃላት አንዱ ጨጓራ ነው። የአሸተን ማርያምን አቀበት ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ የሚይዛቸው፣ ሲያርፉ ደግሞ የሚተዋቸው አንድ አባትም የጨጓራ መድኃኒት እንድጽፍላቸው ነበር የመጡት። የታመመው ግን ልባቸው ነበር። እንዲህ ያለው ስሕተት የሀገር መሪዎችንም ያጋጥማል።

ድዋይት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ ቴክሳስ ተወልደው በካንሳስ አደጉ። በ1915 ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተመረቁ። የተባበሩት ኃይሎች በ1944 ኖርማንዲ ሲያርፉ ጠቅላይ አዛዡ እርሳቸው ነበሩ። በቀን እስከ አራት ፓኬት ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ ያቆሙት በ1949 ነው። በ1953 ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዓመቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን ተቀበሉ።

መስከረም 23 ቀን 1955 ዴንቨር ውስጥ ጎልፍ ሲጫወቱ ዋሉ። ምሳቸው ሃምበርገር ከጥሬ ሽንኩርት ጋር ነበር። ሆዳቸውን ሲከብዳቸው በሽንኩርቱ አመካኙ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ግን የደረት ሕመም ከእንቅልፋቸው ቀሰቀሳቸው። ሐኪማቸው ደርሰው ቢረዷቸውም፣ መጀመሪያ ለሕዝብ የተነገረው የሆድ ሕመም እንደሆነ ነበር። ሰዓታት አልፈው የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ሲደረግላቸው የልብ ደም ቧንቧ መዘጋቱ ታወቀ። ሰባት ሳምንት ያህል ሆስፒታል ተኙ። ድነው በ1956 እንደገና ቢመረጡም፣ ኋላ ልባቸው በተደጋጋሚ ተጠቅቶ በ1969 በ78 ዓመታቸው በልብ ድካም አረፉ።

በዚያን ጊዜ የልብን ጉዳት በደም ምርመራ መለየት ገና ጅምር ላይ ነበር። ዛሬ ትሮፖኒን የሚባል ምርመራ አለ። ትሮፖኒን በልብ ጡንቻ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ ጡንቻው ደም አጥቶ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። መጠኑ ከፍ የሚለው ግን ሕመሙ ከጀመረ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ ፈጥኖ የመጣ ታማሚ የመጀመሪያ ውጤቱ ደህና ቢሆንም ምርመራው ሊደገምለት ይገባል። አቀበት ላይ ብቻ የሚሰማ ሕመም ደግሞ ቧንቧው እየጠበበ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል፤ ጡንቻው ገና ስላልተጎዳ ትሮፖኒኑ ላይጨምር ይችላል። ለሐኪሙ ሕመሙ መቼ እንደሚጀምርና በምን እንደሚተው መንገር ከውጤቱ ያላነሰ ይጠቅማል።

ውድ አንባቢያን፣ ደረትን የሚያጨናንቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ሲያጋጥማችሁ አብሽና ተልባ እየጠጣችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወዲያውኑ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ሂዱ፤ ብቻችሁን በእግር ግን አትጓዙ። ደህና ስትሆኑም የደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ፤ የምታጨሱም አቁሙ። ጨጓራ ነው ብሎ ለመደምደም፣ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ፣ አስቀድሞ ልብን መመርመር ይገባል።