የምድርን መናወጥ የመዘገቡት ካህን፦ ፒየር ጉዋን እና ያልተጠናቀቀው ሥራቸው

በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር መገባደጃ ላይ በሸዋና በወሎ መካከል የምትገኘው ካራ ቆሬ አካባቢ መናወጥ ጀመረች። ንዝረቱ ለወራት አላባራም፤ ከሁሉም የበረታው በሬክተር መለኪያ ከ6 በላይ ነበር። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳናም ከካራ ቆሬ በስተሰሜን ተሰነጣጠቀ። አራት ኪሎ በሚገኝ የምርምር ጣቢያ ውስጥ የመሬቱን ንዝረት በመሣሪያ ይከታተሉ ከነበሩት አንዱ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዋን ነበሩ።

ጉዋን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ለማስተማር ነው። በአውሮፓውያኑ 1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁት በሉሲየን ማት የሚመሩ የካናዳ ኢየሱሳውያን ሲሆኑ፣ ጉዋንም የፊዚክስ መምህር ሆነው አገለገሉ። ከ1957 እስከ 1958 ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ያላት ቅርበት የሳይንቲስቶችን ዓይን ሳበ። የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያውም በዚያው ዘመን ተመሠረተ። ጉዋን ጣቢያውን ለረጅም ዓመታት መርተዋል። ጥቂት ቆይቶም የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያዎች ተተከሉለት፤ ከዓለም አቀፉ የመመዝገቢያ መረብም ጋር ተሳሰረ።

መሣሪያ ግን የሚመሰክረው ከተተከለበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ምድር ደግሞ ኃይሏን የምታከማቸው በአሥርት ዓመታት፣ አንዳንዴም በመቶ ዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉዋን ፊታቸውን ወደ ዜና መዋዕሎች፣ ወደ መንገደኞች ማስታወሻና ወደ ሚስዮናውያን ደብዳቤ መለሱ። ቤተ ክርስቲያን ፈረሰ፣ ተራራ ተናደ፣ ሕዝብ ሜዳ ላይ አደረ የሚሉ አጫጭር መስመሮችን ለቅመው ቦታቸውንና መጠናቸውን ገመቱ። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የደረሰው ብርቱ መንቀጥቀጥና በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ምጽዋን የጎዳው አደጋ በመዝገባቸው ውስጥ ሰፍረዋል።

የ1898ቱ ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ዋና ከተማዋ ገና ወጣት ነበረች፤ አብዛኛው ነዋሪ ከእንጨትና ከሣር በተሠራ ጎጆ ይኖር ነበር። እንዲህ ያለው ቤት ቀላል ነው፤ ቢወዛወዝም በቀላሉ አይደረመስም። በአንጻሩ በ1969 በአፋር የምትገኘው ሰርዶ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትወድም ከ20 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሰውን በአብዛኛው የሚገድለው የምድር መናወጥ ራሱ ሳይሆን በላዩ የሚወድቀው ግንባታ ነው።

ጉዋን ይህን መዝገብ ለግንባታ ባለሙያዎች እንዲጠቅም አድርገው አቀረቡት። በ1976 ኢትዮጵያን በመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋት መጠን በቀጠና የሚከፍል ጥናት አሳተሙ። በ1979 ደግሞ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው በኦታዋ ታተመ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የሕንጻ ደንብ በየጊዜው ተሻሽሏል። በ1995ቱ ደንብ መሠረት አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ሕንጻ የሚሰላው ከምድር ስበት ፍጥንጥነት 5 በመቶ ለሚሆን ንቅናቄ ነበር። የ2015ቱ ደንብ ይህን ወደ 10 በመቶ ከፍ አደረገው።

ይህ ለውጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ጥሎ አልፏል፤ ቀድሞ የተሠሩት የአርማታ ሕንጻዎች ምን ይሁኑ? የእነዚህ ሕንጻዎች ደካማ ጎን ብዙውን ጊዜ ምሰሶና ቢም የሚገናኙበት ቦታ ነው። ፌሮውን የሚያቅፈው ስታፋ ተራርቆ ከታሰረ፣ ምሰሶው ከቢሙ ከቀጠነ፣ ወይም ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ያለ ግድግዳ ክፍት ከተተወና ከላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ከታጠሩ ጉዳቱ በዚያ ይበረታል። ምርመራው የሚጀምረው ንድፉን ከተሠራው ሕንጻ ጋር በማመሳከር፣ የአርማታውን ጥንካሬ በመፈተሽና የፌሮውን አቀማመጥ በመሣሪያ በማየት ነው። ማጠናከሪያውም ይታወቃል፤ ምሰሶውን በተጨማሪ ፌሮና አርማታ ማልበስ፣ ከመሠረት እስከ ጣሪያ የሚዘልቅ የአርማታ ግድግዳ መጨመር ወይም የብረት ማገር በሰያፍ ማሰር።

ጉዋን በኋለኛው ዕድሜያቸው የትውልድ አገራቸውን የኩቤክን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በተመሳሳይ ትጋት አጥንተው በ2001 አሳትመዋል። በዚሁ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታትም አረፉ። የመሠረቱት ጣቢያ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ የምርምር ተቋም ሆኗል።

ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ በፈንታሌና በአካባቢው ምድር በተደጋጋሚ ስትናወጥ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ከፎቅ እየወረዱ ሜዳ ወጥተዋል። ሥጋቱ ለስምጥ ሸለቆ ጎረቤቶች ብቻ የተተወም አይደለም። ከሸለቆው ርቃ የምትገኘው ካርቱምም በነሐሴ 1993 በአቅራቢያዋ በተነሳ መንቀጥቀጥ ተናውጣለች። በቦሌም ሆነ በካርቱሙ ካፉሪ አርማታ ቤት ያቆመ ሰው የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው። ካህኑ ምድር ከዚህ ቀደም ያደረገችውን ጽፈው አልፈዋል፤ ምሰሶውን መመርመርና ማጠናከር ግን የነዋሪዎቹ ድርሻ ነው።